ላስተማሩት ደረሰኝ ይቆረጥ፤ የሪሜዲያል ሒሳብና የክሬዲት ጥያቄ



በምርጫ ሰሞን በየሰፈሩ የሚታደል ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሬት፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሥልጣን ነው። እኛም በዚህ ማኒፌስቶ ሌሎች ገጾች ላይ ስለ እነዚሁ ያለንን አቋም በዝርዝር አስቀምጠናል። በዚህ ገጽ ግን ከሩቅ ሲያዩት የመምህራንና የሬጅስትራር ጉዳይ የሚመስል፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን በየከተማው በብዙ ቤት እራት ላይ የሚነሳ አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። ይኸውም በ12ኛ ክፍል ፈተና የማለፊያ ውጤት ሳያመጡ ቀርተው በአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ሁላችንም ሪሜዲያል በምንለው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ልጆቻችን የሚማሩት ሒሳብ ክሬዲት ይኑረው ወይስ አይኑረው የሚለው ነው።

የፓርቲያችን መልስ ይኑረው የሚል ነው። እንዴት ባለ መንገድና በምን ዓይነት ጥንቃቄ የሚለውን ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አስቀድሞ ግን ክሬዲት የሚለው ቃል ራሱ ዩኒቨርሲቲ ላልዋለ ወላጅ ግልጽ ሊሆንለት ይገባል። ክሬዲት ማለት አንድ ተማሪ በአንድ ትምህርት ላይ ያጠፋው ሰዓትና ያሳየው ውጤት ተቆጥሮ በስሙ የሚመዘገብበት መስፈሪያ ነው። በተለመደው አሠራር በሳምንት አንድ የክፍል ሰዓት ለአንድ ሴሚስተር የተማሩት ትምህርት አንድ ክሬዲት ይባላል። ተማሪው ትምህርት ቢቀይር፣ ቢታመምና ቢያቋርጥ፣ ወይም ወደ ሌላ ኮሌጅ ቢዛወር ይዞት የሚሄደው ይህንኑ መዝገብ ነው። ባጭሩ ደረሰኝ ነው። አንድ ባለ ሱቅ ደረሰኝ ሳይቆርጥ ዕቃ ሸጠ ተብሎ በሚቀጣበት አገር፣ መንግሥት ራሱ የአንድን ወጣት የወራት ድካም ተቀብሎ አንዲት ቁራጭ ወረቀት የማይሰጥበት አሠራር መኖሩ ሊያስገርመን ይገባል።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማስታወስ ይጠቅማል። በጥር 2015 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤትን ሲያሳውቁ፣ ውጤታቸው ከታወቀው ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 3.3 መሆናቸውን አገር ሰማ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥና ከስርቆት እንዲጸዳ የተወሰደውን እርምጃ ፓርቲያችን ይደግፈዋል፤ ትክክለኛውን ነገር ገዥው ወገን ስለሠራው ብቻ ልናጣጥል አንፈልግም። ይሁንና ፈተናው ያሳየን የልጆቹን ስንፍና ብቻ አይደለም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2015 ዓ.ም. ፈተና፣ ያለፉት ከመቶ 3.2 ሲሆኑ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 አለፉ። መሻሻሉን አንክድም። ነገር ግን ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት የሚወድቁበት ሥርዓት ቢያንስ ጥፋቱን ከተማሪው ጋር ሊካፈል ይገባዋል።

እነዚህ ልጆች ማን ያስተማራቸው ናቸው? ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ፈተና ማለፍን ፖሊሲ ያደረገው መንግሥት ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሰቅሎ መምህሩን የቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ያደረገውም መንግሥት ነው። ያንን ዘመን በክፍል ውስጥ ያሳለፋችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ጽፎ መልሱን ራሱ ይናገርና ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። ሒሳብ ደግሞ አንዱ እርከን ከጎደለ ቀጣዩ የማይረገጥበት ደረጃ ነው። ክፍልፋይ በ5ኛ ክፍል ያልገባው ልጅ በ9ኛ ክፍል አልጀብራ ላይ ይደናቀፋል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። በዚያ ዘመን የተማሩት አንዳንዶቹ ዛሬ የእነዚህ ተፈታኞች መምህራንና ወላጆች ናቸው።

እንግዲህ መንግሥት ከውጤቱ መውጫ ብሎ ያመጣው ሪሜዲያልን ነው። በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ካላለፉት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች ለአራት ወራት ተምረው እንዲፈተኑ ተወሰነ። ፈተናው 30 ከመቶው በዩኒቨርሲቲው፣ 70 ከመቶው ከማዕከል ሆኖ 50 ያመጣ ወደ አንደኛ ዓመት ይገባል፤ ያላመጣ አይገባም። ሒሳብ ለተፈጥሮ ሳይንሱም ለማኅበራዊ ሳይንሱም የማይቀር ትምህርት ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ በየዓመቱ ሲሰጥ ቆይቷል። በግል ኮሌጅ ከኪሳቸው ከፍለው የሚማሩትም አሉ።

ሁለተኛ ዕድል መስጠቱ መልካም ነው። ስህተቱ ያለው ያ ዕድል በሕግ ዓይን ምንም ሳይሆን መቅረቱ ላይ ነው።

አንዲት የደሴ ልጅ አርባ ምንጭ ተመደበች እንበል። እናቷ እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ ናቸው። ለአገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ለአንሶላና ብርድ ልብስ፣ ለደብተር፣ ለሳሙና፣ ለስልክ ካርድ ተበድረው ይልካሉ። ልጅቷ ለወራት ከጠዋት እስከ ማታ ትማራለች። በሒሳብ 62 አመጣች፤ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ግን ዝቅ ብላ ድምሯ 50 ሳይሞላ ቀረ። ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በሒሳብ ያመጣችው 62 የት ተመዘገበ? ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብትገባ ይቆጠርላታል? በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ብትመዘገብ ሒሳቡ ይያዝላታል? አይያዝላትም፤ ክሬዲት የለውማ። ልጅቷ ግን ሒሳቡን ችላለች፤ ያውም ከማዕከል በመጣ ፈተና ተረጋግጦ። መንግሥት ራሱ ያስተማረውን፣ ራሱ የፈተነውንና ራሱ ያረመውን ዕውቀት ራሱ አላውቀውም ይላል።

ያለፈው ተማሪስ? እሱም ቢሆን አንደኛ ዓመት ሲገባ እንደገና ከ«ሀ» ይጀምራል። እንደሚታወቀው ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተሰርዞ የነበረው የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። በዚያ ዓመት የሚሰጠው የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ ሎጂክንና ሴትን፣ የቁጥር ሥርዓትን እስከ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ድረስ፣ ልዩ ልዩ ፈንክሽኖችንና አናሊቲክ ጂኦሜትሪን ይይዛል። የቀድሞውን የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ በቤታችሁ ያስቀመጣችሁ ገልጣችሁ እዩ፤ ከእነዚህ አብዛኛዎቹ ርዕሶች እዚያ አሉ። ሪሜዲያሉ ደግሞ ከዚያው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተጨምቆ የወጣ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ ፈንክሽንን በሁለተኛ ደረጃ ይማራል፣ በሪሜዲያል ይማራል፣ በፍሬሽማን ይማራል። ሦስተኛው ብቻ ክሬዲት አለው። ሁለተኛው ከሦስተኛው የሚለየው በምን እንደሆነ ትምህርት ሚኒስቴር ለሕዝብ አስረድቶ አያውቅም።

እዚህ ላይ የሚቀርብብንን ተቃውሞ እናውቀዋለን። ከሚያቀርቡትም መካከል የምናከብራቸው የዩኒቨርሲቲ መምህራን አሉ። ተቃውሟቸው «ክሬዲት የኮሌጅ ዕውቀት መለኪያ ነው፤ የ10ኛ ክፍል አልጀብራ ላስተማራችሁት ክሬዲት ከሰጣችሁ ዲግሪውን አረከሳችሁት» የሚል ነው። ይህ ከባድ ክርክር ነው፤ በቀላሉ ልናልፈው አንችልም። ዲግሪ በወረደበት አገር የሚጎዳው የድሃ ልጅ ነው፤ የባለሀብቱ ልጅ ውጭ ሄዶ ሌላ ይዞ ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የመውጫ ፈተና ያለፉት ከመቶ 40 ያህል ብቻ እንደነበሩ አንረሳም። ስለዚህ ፓርቲያችን ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሁሉ ክሬዲት ይታደል አይልም። ለምርጫ ብሎ እንዲህ የሚል ቢመጣባችሁ አትመኑት።

ነገር ግን ተቃውሞው አንድ ነገር ይስታል። ተማሪው ሒሳቡን የት ጀመረው የሚለውና የት ደረሰ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ክሬዲት መሰጠት ያለበት ለደረሰበት ነው። አንዱ ተማሪ ፍሬሽማን ሒሳብን በአርባ ስምንት የክፍል ሰዓት ቢጨርስ፣ ሌላው መሠረቱ ደካማ ስለሆነ ሰባ ሰዓት ቢፈጅበት፣ ሁለቱም ግን አንድ ፈተና ተቀምጠው ቢያልፉ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ዕውቀት አለው የሚል ማነው? እንዲያውም የበለጠ ደክሟል። ደግሞም ዲግሪው እንዳይረክስ መውጫ ፈተናው ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ በመግቢያው ላይ የልጁን ድካም መሰረዝ ለጥራት የሚጨምረው ነገር የለም።

ይህ ከእኛ ጭንቅላት ብቻ የፈለቀ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ፣ በተለይ በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የገባ ሰው ስለ ሒሳብ ምደባ ፈተና ሲያማርር ሰምታችሁ ይሆናል። እዚያ ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የኖረው አሠራር፣ በምደባ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣ ተማሪ የመሠረታዊ ሒሳብ ኮርሶችን፣ አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ተደራራቢ ኮርስ፣ ከፍሎ እንዲማር ያስገድድ ነበር፤ ኮርሶቹ ግን ለዲግሪው አይቆጠሩም። ብዙዎች እዚያው ላይ ገንዘባቸውም ትዕግሥታቸውም አልቆ ይቀሩ ነበር።

በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ2013 የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ በሦስት ኮሌጆቹ ውስጥ ሙከራ አደረገ። መሠረታዊ አልጀብራ ያስፈልጋቸዋል የተባሉ 907 ተማሪዎች በዕጣ ተከፈሉ። አንዱ ክፍል ክሬዲት የሌለውን አልጀብራ ተማረ፤ ሌላው ክፍል ደግሞ በቀጥታ ክሬዲት ያለው የኮሌጅ ስታቲስቲክስ ተሰጥቶት በየሳምንቱ የማጠናከሪያ ሰዓት ተጨመረለት። ከመጀመሪያዎቹ ያለፉት ከመቶ 39 ሲሆኑ ስታቲስቲክሱን ያለፉት ከመቶ 56 ነበሩ። ከበድ ያለውን ትምህርት በድጋፍ የተማሩት፣ ቀለል ያለውን ያለ ክሬዲት ከተማሩት በለጡ ማለት ነው። የቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015 በመንግሥት ኮሌጆቿ ይህንኑ አሠራር አስገባች፤ ካሊፎርኒያም እ.ኤ.አ. በ2017 ተማሪን ያለ ማስረጃ ወደ መሠረታዊ ኮርስ መመለስን የሚገድብ ሕግ አወጣች።

የአሜሪካንን መንገድ እንዳለ እንገልብጠው እያልን አይደለም። ብዙ ነገር እየገለበጥን ብዙ ዋጋ ከፍለናል። ስታቲስቲክስ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ይበቃ ይሆናል፤ ድልድይ ለሚሠራ መሐንዲስ ግን አይበቃም፤ ካልኩለስ ያስፈልገዋል፤ ወደ ካልኩለስ የሚያደርሰው ደግሞ አልጀብራ ነው። የመፈተኛቸው ተማሪዎችም ቁጥር ከእኛ ጋር አይወዳደርም። ለእኛ የሚጠቅመን ትምህርት አንድ ነው፤ ይኸውም ድጋፉን ከኮርሱ በፊት ለብቻው አስቀምጦ ዋጋ ከመንሳት ይልቅ ከኮርሱ ጎን አቁሞ ክሬዲቱን አንድ ላይ መስጠት እንደሚሻል ነው።

ስለዚህ መራጩ ሕዝብ ድምፁን ቢሰጠን በምክር ቤት የምናቀርበው እንዲህ ያለ ነው። በሪሜዲያል ከሚገቡት መካከል በሒሳብ የተሻለ መነሻ ያላቸው በቀጥታ በፍሬሽማን ሒሳብ ይመዘገባሉ። ከመደበኛው ሰዓት በተጨማሪ በሳምንት የተወሰኑ የማጠናከሪያ ሰዓታት፣ ቁጥሩ በዛ ባላለ ክፍል፣ ይሰጣቸዋል። ፈተናው ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ያለፈ ሙሉ ክሬዲቱን ያገኛል፤ በትራንስክሪፕቱ ላይም «ሪሜዲያል» የሚል መለያ አይጻፍበትም። መነሻቸው ከዚህ በታች የሆኑት፣ ክፍልፋይና እኩሌታ ገና የሚያስቸግራቸው፣ መኖራቸውን አንክድም፤ እነዚህን በቀጥታ ፍሬሽማን ውስጥ መክተት ጭካኔ ይሆናል። ለእነሱ የመሰናዶ ጊዜው ይቀጥላል። ነገር ግን በሒሳብ ያመጡት ውጤት ለብቻው በይፋ ይመዘገባል፤ በሌላ ትምህርት ቢወድቁ የሚደግሙት የወደቁበትን ብቻ ይሆናል፤ ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወደ ግል ኮሌጅ ቢሄዱም መዝገቡ ይከተላቸዋል። መስመሩ የት ላይ ይሰመር የሚለውን የሚወስኑት የየዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ትምህርት ክፍሎች እንጂ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሹም አይሆንም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም በዚሁ መሠረት እንዲሻሻል ረቂቅ እናቀርባለን፤ የተማሪ መብት በሰርኩላር ሊሰጥና በሰርኩላር ሊነሳ አይገባም ብለን ስለምናምን ነው።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? ተገቢ ጥያቄ ነው። የማጠናከሪያ ሰዓት መምህር ይፈልጋል፤ መምህር ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዝ ዛሬ ከቤት ኪራይ የማያልፍ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁንና መንግሥት አሁንም ቢሆን እነዚህን ተማሪዎች በወራት ቆይታቸው እየቀለበና እያሳደረ ነው። ያ ወጪ ለትምህርት ዓመቱ ምንም ሳይጨምር የሚጠፋ ነው። ቆይታቸው ከፍሬሽማን ጋር ሲዋሐድ ለሚችሉት ልጆች ጊዜውም ይተርፋል፤ ከሚተርፈው ላይ ለረዳት መምህራንና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የማስተማሪያ አበል መክፈል ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል አንልም፤ ቀሪው በበጀት መቅረብ አለበት፤ ሲቀርብም እናንተ በምታውቁት መንገድ፣ በግልጽ ይሆናል።

«ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ስለሆነ ነገ ይቀራል፤ ለምን ሕግ ታወጡለታላችሁ?» የሚለንም አለ። ጊዜያዊ ቢሆንስ? በዚህ ጊዜያዊ ፕሮግራም ውስጥ ያለፈው ልጅ ዕድሜ ጊዜያዊ አይደለም። ነገ ሪሜዲያል የሚለው ስም ቢቀር እንኳ በደካማ መሠረት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ለብዙ ዓመታት ይኖራል፤ የ8ኛና የ9ኛ ክፍሉን ሒሳብ በአንድ ምርጫ ዘመን አናቃናውም። ስለ መጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ መምህራን ሥልጠናና ደመወዝ ያለን አቋም በትምህርት ምዕራፋችን ላይ ስላለ እዚህ አንደግመውም።

አንድ ነገር ይቀረናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ፕሮግራም ያለፉና የወደቁ ልጆች ጉዳይ ነው። ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ አይሠራም፤ ዜጋን የሚጠቅም ሲሆን ግን ወደ ኋላ እንዲሠራ በግልጽ መደንገግ ይቻላል። በረቂቃችን ውስጥ የሽግግር ድንጋጌ ይኖራል፤ በዚህም መሠረት የየዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ከዚያ ዓመት ወዲህ የተሰጡትን የሒሳብ ውጤቶች አውጥቶ ለጠየቀ ተማሪ ሁሉ በማኅተም የተረጋገጠ ማስረጃ እንዲሰጥ ይገደዳል፤ ላለፉትም በፍሬሽማን ሒሳብ ላይ ፈተናውን ብቻ ተቀምጦ ክሬዲት የማግኘት ዕድል ይከፈታል። እስከዚያው ድረስ ወላጆችን አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ ልጆቻችሁ ከፈተናው በኋላ ያዩትን የውጤት ገጽ አትመው ወይም ከነመለያ ቁጥሩ ገልብጠው ከልደት ካርዳቸውና ከ8ኛ ክፍል ካርዳቸው ጋር ያስቀምጡት።